የአሥራ ዘጠኝ ሟቾች

አስከሬኑን ለመውሰድ የመጡት አራት ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። መግባት ግን አልቻሉም፤ የሟቹ የእህት ልጅ ወንበር ስባ በሩ መሃል ተቀምጣለች። ነርስ ናት፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ስትመጣ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። የፖሊስ መርማሪዋ ደረጃውን ጨርሳ ስትደርስ ቀና ብላ አየቻት።

«አጎቴን ገድለውታል። ማን እንደገደለው እስኪታወቅ አልቀብርም» አለቻት። አላለቀሰችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ችኮዋ» ይሏታል። በፊቷም ይሏታል፤ ደስ ይላታል እንጂ አትቆጣም። የዚያን ቀን ግን ከእሷ የባሰች ችኮ እንዳገኘች ገባት። ተሸካሚዎቹን ወደ ታች መለሰችና ወደ ክፍሉ ገባች።

ሟቹ ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ቄስ፣ የነገረ መለኮት ኮሌጁም የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። መምህሩም ተማሪውም «አባ ማስረጃ» ነበር የሚላቸው፤ ማንም ምንም ቢነግራቸው «ማስረጃው የታለ?» ይላሉና። «ዛሬ ብርድ ነው» ያላቸውን ሰው ሳይቀር መስኮት ከፍተው እጃቸውን አውጥተው ካላዩ አያምኑም ተብሎ ይቀለድባቸዋል። አሁን ጠረጴዛቸው ላይ ደፋ ብለው፣ መነጽራቸው ከፊታቸው ተጣጥፎ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰው መስለዋል።

ቀኑ የወሩ አሥራ ዘጠኝ ነበር። በኮሌጁ ይህ ቀን ታላቅ ቀን ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትን የተረጎሙት ሊቅ፣ በድርሰቶቻቸው የታወቁት መነኩሲት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ የኮሌጁ መሥራች፣ ሦስቱም በተለያየ ዘመን በዚሁ ቀን አርፈዋል። ሕዝቡ ይህን ከሰማይ እንደመጣ ምልክት ይቆጥረዋል፤ በየዓመቱ አዳራሹ ይሞላል። አባ ማስረጃ የሦስቱን ታሪክ ጽፈው ጨርሰው፣ መጽሐፉ የሚመረቀው በዚያው ጠዋት ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ሲጠበቁ ቀሩ፤ የእህታቸው ልጅ ልትጠራቸው ወጥታ ሞተው አገኘቻቸው። ወሬው አዳራሹ ሲደርስ ሰው በደስታ አለቀሰ። የኮሌጁ ዲን መድረክ ላይ ወጥተው፣ እግዚአብሔር ጸሐፊውን ከጻፈላቸው ጋር ደመረው አሉ። ሐኪም ተጠርቶ ከበር ላይ አየት አደረጋቸውና «ልብ» ብሎ ጻፈ።

«እንዴት አገኘሻቸው?» ብላ ጠየቀች መርማሪዋ።

«ክንዱን ላነሳ ስል እንደ እንጨት ደርቋል። የዐይኑን ቆብ ስገልጥ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። እኔ በሥራዬ ስንት ሬሳ ገንዣለሁ። ልብ እንዲህ አያደርግም።»

ግድግዳው ላይ በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚገነጠልለት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አሥራ ዘጠኝን ያሳያል። ሁሉም ጠዋት በሕይወት ነበሩ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አባ ማስረጃ የጠዋት ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ያለፈውን ቀን ይገነጥላሉ፣ ሌላ ሰው አይነካውም። መርማሪዋ የቆሻሻ ቅርጫቱን አዘነበለች። ውስጡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሥራ ስምንት ቅጠል፣ ተጨምድዶ። በሁለት ጣቷ አንስታ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

አለቃዋ ደወለላት። ሕዝቡ በዓል ላይ መሆኑን፣ ዲኑም ትልቅ ሰው መሆናቸውን ነግሯት ፋይሉን እንድትዘጋ አዘዛት። እሷም አስከሬኑንና ከአልጋው ላይ ያነሳችውን ትራስ ለምርመራ እንደላከች፣ ውጤቱ ሳይመጣ የሚዘጋ ፋይል እንደሌላት በትሕትና ነግራው ስልኩን አኖረች።

ዲኑ ቢሮአቸው ተቀበሏት። ረጅም፣ ንግግራቸው የረጋ ሰው ናቸው፤ «ልጄ» እያሉ ነው የሚያናግሯት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ እንደነበሩ መቶ ሰው ይመሰክራል። ስለ ሟቹ ስትጠይቃቸው ትንሽ አሰቡ።

«ያን ያህል አንቀራረብም ነበር። በዲንነት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንዲት ቁራጭ ማስታወሻ እንኳ ጽፎልኝ አያውቅም። እኔ ግን አከብረው ነበር። ሞቱ የሰው እጅ አለበት ካልሽ፣ ልጄ፣ ጠዋት ወደዚያ ፎቅ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘበኛውን ጠይቂው።»

ዘበኛው እንዳለው አንድ ሰዓት ላይ ወጥቶ ፊቱ ጠቁሮ የወረደው የቀድሞው ሰባኪ ነው። ይህ ሰው የመሥራቹ የቅርብ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ኮሌጁን ይወርሳል ተብሎም ይጠበቅ ነበር። መሥራቹ ሊያርፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው በፈረሙት ደብዳቤ ግን ጥፋት አለበት ተብሎ ዕድሜ ልኩን እንዳያስተምርና እንዳይሰብክ ታገደ። በእሱ ፈንታ የመሥራቹ ጸሐፊ የነበሩት የአሁኑ ዲን ተሾሙ። ሰባኪው አሁን መኪና መንዳት ያስተምራል።

መርማሪዋ በልምምድ ሜዳው አገኘችው። «ከቀድሞው ይልቅ አሁን ሰዎች በፊቴ አጥብቀው ይጸልያሉ፤ በተለይ ኩርባ ላይ» አላት። ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። ከቀድሞ መምህሩ ከአባ ማስረጃ ጋር ተቀያይመው እንደነበር አልደበቀም፤ የእገዳውን ደብዳቤ ሳይመረምሩ እውነት ነው ብለው በታሪክ መጽሐፋቸው አስገብተውታል። በአሥራ ስምንት ቀትር ላይ ግን ራሳቸው ደወሉለት።

«ነገ አንድ ሰዓት ላይ ና፤ ዕዳ አለብኝ፤ የምነግርህ በማስረጃ ነው አለኝ። መጣሁ፤ አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ዛሬም ናቀኝ ብዬ ተናድጄ ወረድኩ። ይኸው ነው፣ እህቴ። ማሰር ካለብሽ እሰሪኝ፤ ያልሠራሁትን ሠራሁ ግን አልልም። ያኔም አላልኩም።»

የቀረው የመጽሐፉ አታሚ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከኮሌጁ ምድር ቤት ነው፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። አታሚውም ጠዋት ከዲኑ ጋር አዳራሽ ውስጥ መጻሕፍት ሲደረድር ነበር። መርማሪዋ እሱን ከማዳመጥ ይልቅ በሽቦ ተሰክተው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ወረቀቶች ታገላብጥ ጀመር። ሁሉም የቀን መቁጠሪያ ቅጠሎች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በጥቃቅን ፊደል እርማት ተጽፏል። ጠርዛቸው በምላጭ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው።

አታሚው አስረዳት፤ አባ ማስረጃ ቅጠሉን በማስመሪያ ደግፈው ይገነጥሉና በጀርባው ይጽፉበታል፤ አንዱንም አይጥሉም፤ እሱን ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ያውቃል።

«የዚህ ወር እስከ አሥራ ስድስት አለ። አሥራ ሰባትስ?»

አታሚው መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ቅጠል አወጣ። «ገጽ መቶ አራት ይቁም። መሥራቹ ያረፉት በአሥራ ሰባት ነው። ማስረጃው እጄ ላይ ነው» ይላል።

በአሥራ ስምንት ከሰዓት በኋላ ነበር ቅጠሉ እጁ የገባው። መጽሐፉ ተጠርዞ አልቋል፤ በዓሉ ነገ ነው፤ እናም አላየሁም ሊል ወሰነ። በማግስቱ ሽማግሌው ሞተው ሲገኙ ደግሞ ፈራ። «እኔ ፈሪ ነኝ እንጂ ገዳይ አይደለሁም» አለ።

በበነጋታው መርማሪዋ መሥራቹ ወደሞቱበት ሆስፒታል ሄዳ የድሮውን የሟቾች መዝገብ አስወጣች። ስትመለስ ውጤቱ ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም አባ ማስረጃ ክፍል ሰበሰበች፤ ዲኑን፣ ሰባኪውን፣ አታሚውንና የሟቹን የእህት ልጅ። አለቃዋም መጥቶ ክንዱን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ።

«አባ በልብ አልሞቱም፤ በዚህ ትራስ ታፍነው ነው» ብላ ጀመረች። «የሞቱትም በአሥራ ዘጠኝ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንጨት ሆኖ የተገኘ አካል ከሌሊቱ በፊት የሞተ ነው። ሐኪሞቹም በአሥራ ስምንት ምሽት ነው ብለዋል። እንግዲህ አዳራሽ ነበርኩ ማለት ማንንም አያድንም። ደረጃውን በጠዋት መውጣትም ማንንም አያስወነጅልም።»

ሰባኪው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ታዲያ የአሥራ ስምንትን ቅጠል ማን ገነጠለው? አባ አይደሉም፤ ሞተዋል። የገነጠለው ሰው ጠዋት በሕይወት ነበሩ እንድንል ፈልጓል። ግን ጨምድዶ ጣለው። እነዚህ ሁለቱ የአባን ልማድ ያውቃሉ፤ አንዱ ተማሪያቸው፣ አንዱ አታሚያቸው። ቅጠሉን በማስመሪያ ገንጥለው ጠረጴዛው ላይ ባኖሩት ነበር። የጣለው አንዲት ቁራጭ ማስታወሻ ከእሳቸው ደርሶት የማያውቅ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ዲኑ ዞሩ። ዲኑ አልተንቀሳቀሱም።

«ምክንያቱ ይህ መዝገብ ውስጥ አለ። መሥራቹ የሞቱት በአሥራ ሰባት ነው። አስከሬኑን ፈርመው የተረከቡት ያኔ ጸሐፊያቸው የነበሩት ዲኑ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ታመዋል፣ ጠያቂ አይግባ ተባለ። በመሃሉ በአሥራ ስምንት የተፈረመ የእገዳ ደብዳቤ ወጣ። የሞተ ሰው ፈረመ። ከዚያ ሞታቸው በአሥራ ዘጠኝ ተነገረ፤ ሁለቱ ሊቃውንት ያረፉበት ቀን ነዋ። ተአምር ነው ከተባለ ማን መዝገብ ይገልጣል? አንድ ሰው ገለጠ። ለዚያም ሰው ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ቀን ሰጡት።»

ቀለም የነካ ስፖንጅና ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የተጨመደደው ቅጠል ላይ የአውራ ጣት አሻራ እንዳለ ነገረቻቸው። ሰባኪው ወዲያው ተነስቶ ጣቱን አተመ። አታሚው ተከተለ። ዲኑ እጃቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ማታ እዚህ ጠርቶኝ ዕድል ሰጠኝ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ በሕዝቡ ፊት አንተው ራስህ ተናገር አለኝ። በዚያ ቀን ስንት ሰው ከኃጢአቱ እንደተመለሰ ታውቂያለሽ? ንገሪያቸው እስኪ። እኔን ያምናሉ እንጂ አንቺን አያምኑም።»

«ባያምኑም እነግራቸዋለሁ» አለች መርማሪዋ። አለቃዋ ከበሩ ላይ ክንዱን ፈታና ካቴናውን አወጣ።

ሰባኪው የሽማግሌው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ቀረ። «ሊታረቀኝ ነበር የጠራኝ» አለ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገረው። የሟቹ የእህት ልጅ ክንዱን ያዘችው።

በቀብሩ ቀን ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ ዲኑ ተደፈሩ ብሎ ጀርባውን ሰጠ፤ ሰባኪው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አፉን ሲከፍት ድንጋይ ያነሳም አልጠፋ። እሱ ግን ስብከቱን እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሲጨርስ የኮሌጁ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ነርሷ መጡ። ፍርዱ ፍርድ ነው፣ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ ይጻፍ፤ ከእነዚያ ታላላቅ ሰዎች ጋር መቆጠር ለአጎትሽ ክብር፣ ለሕዝቡም መጽናኛ ነው አሏት። አንደኛው «የእኔ ልጅ፣ ምን ይጎዳሻል?» አላት።

ድንጋይ ጠራቢው መሮውን ይዞ ይጠብቃል። መርማሪዋ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ የነርሷን ፊት ታያለች።

«አጎቴ የሞተው በአሥራ ስምንት ነው» አለች ነርሷ። «ብቻውን። እንደዚያ ብለህ ጥረብ።»

ጠራቢው ሽማግሌዎቹን አላያቸውም። ተንበርክኮ መዶሻውን አነሳ።