የገቢሳ ኮራሎች ያልተከፈቱበት ቀን

ገቢሳ የሞተው ጋቢ እንደተከናነበ ነው። የጥቅምት ብርድ ያመጣበትን ጉንፋን ሊያስለቅቅ፣ ካዛንቺስ ካሉት የድሮ የጣልያን ቤቶች በአንዱ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታጠን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለና ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር አስቻለች ስትደርስ ዕድሩ ድንኳን ተክሏል፤ የድንኳኑ ወሬም ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፦ ሚስቱ ናት። አለቃዋም በስልክ «ሴትዮዋን እስከ ማታ ይዘሻት ነይ» ብሏታል።

የመታጠኛውን ድስት የሞላችውም፣ የጣደችውም፣ ለባሏ ያቀረበችውም ወርቄ ናት። ቅናቷን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የምትቀናው ግን በሴት አልነበረም፤ ግማሽ ሳሎን በያዘው የመስታወት ገንዳ ነው። በጨዋማው ውሃ ውስጥ ገቢሳ ዘጠኝ ዓመት ያሳደጋቸው ለስላሳ ኮራሎች፣ አበባ የሚመስሉ የባሕር ፍጥረታት፣ አሉ፤ አንዳንዱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ አንዳንዱ እንደ ሸሚዝ አዝራር ድንጋይ ላይ ጥቅጥቅ ያለ።

«ጣውንቴ ናት» አለች ወርቄ፣ ሳል እያቋረጣት። «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለእሷ ነው፤ የኔ ፍሪጅ ይሽተት! ገንዳውን ልሰብረው ስንቴ ተመኘሁ መሰለዎት። እሱን ግን...» እንባዋ ቀደማት።

«ሳሉ መቼ ጀመረዎት?»

«ትናንት ማታ። ክዳኑን ከፍቼ ቅጠሉን ሳማስል ጉሮሮዬን ያዘኝ። ውሃውንና ቅጠሉን ዐሥር ሰዓት ላይ አዘጋጅቼ፣ ሳልለኩሰው መድኃኒት ቤት ደርሼ መጣሁ። እሱ ጓዳ ተኝቶ ነበር። የግቢው በር እንደሆነ ቀን አይዘጋም።»

አስቻለች ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን አየችው። ዳሩ ላይ ነጭ የጨው ቀለበት ደርቋል።

«ጨው ጨምረውበት ነበር?»

«ለመታጠኛ? ምን ሊያደርግልኝ!»

ገንዳውን የምታውቅ ሰው ፈልጋ ሳዲያን ከድንኳኑ አስጠራቻት። ሳዲያ ሜክሲኮ ላይ የዓሣና የባሕር ጨው ሱቅ አላት፤ ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ጨው አድርሳ ሄዳለች። መስታወቱን ገና ስታየው ጮኸች።

«ወላሂ፣ ትናንት እንዲህ አልነበሩም! ሁሉም ተዘግተዋል። ይቺን ድንጋይ አዩአት? አዝራሮቹ ተፍቀዋል።»

«ቢፈቁ ምን ያደርጋሉ?»

«መርዝ ናቸው እኮ። ፈልተው እንፋሎቱ ከተሳበ ሰው ይገድላል። እጁ የቆሰለ ሰው ቢነካቸው እንኳ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ለገዛኝ ሁሉ ይህን ሳልነግር አልሸጥም።»

አስቻለች ከገንዳው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተች። ውሃው በሚጣራበት በኩል በስቶኪንግ የታሰረ ጥቁር ከሰል ተቀምጧል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለች ሳዲያ። «ኮራል ሲቆረጥ መርዙ የቀሩትን እንዳይገድል ከሰል ይመጥጠዋል። ጋሽ ገቢሳ ግን ምግባቸውን ይወስድባቸዋል ብለው ከሰል አስገብተው አያውቁም።»

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቀጥሎ የገባው ወዳጆ ነው፤ የሟች የሠላሳ ዓመት ጓደኛ። ኡራኤል ባለው ቤቱ ሦስቴ ኮራል ጀምሮ ሦስቴም ሞተውበታል።

«ጨዋችን ከአንድ ሱቅ፣ ከሳዲያ፤ መብራታችን አንድ» አለ ዓይኑን ከገንዳው ሳይነቅል። «የሱ ያብባል፣ የኔ ይበሰብሳል። ዕድል ነው በቃ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጡ?»

«እሑድ። የባሕር ዛፉን ቅጠል እኔው ነኝ ያመጣሁለት። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ እግሬም አልረገጠም።»

ሻይ ቀረበ። ወዳጆ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር በለጠፈበት እጁ አንስቶ አንዴ ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ። «ብረት ብረት ይላል። የቧንቧው ውሃ ነው መሰለኝ።» አስቻለች ከዚያው ማንቆርቆሪያ የተቀዳላትን ጠጣች። ደህና ሻይ ነው።

«ኮራሎቹም እንዳይሞቱ ፈራሁ» አለች።

«አይሞቱም! ከሰሉ እኮ ያጸዳዋል። ከነገ ወዲያ ይከፈታሉ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰብስባ፣ አንድ ፖሊስ አቁማ በሩን ዘጋች።

«ድስቱ ላይ የባሕር ጨው አለ» ብላ ጀመረች። «ከድንጋዩ የተፋቀው አዝራር ከነጨዋማ ውሃው ድስቱ ውስጥ ገብቷል፤ ወይዘሮ ወርቄ መድኃኒት ቤት ደርሰው እስኪመለሱ።»

«ራሷ ብታደርገውስ?» አለ ወዳጆ።

«መርዙን የሚያውቅ ሰው ክዳኑን ከፍቶ አያማስልም፤ ሳላቸውን ይስሙት። ደግሞስ ጣውንቷን የምትጠላ ሴት፣ የቀሩት እንዳይሞቱ ከሰል ታስርላቸዋለች? ገዳዩ የጠላው ገቢሳን ነው፤ ኮራሎቹንማ ይሳሳላቸዋል። ሳዲያ የመጣችው ስድስት ሰዓት ነው፤ ያኔ ድስቱ ባዶ ነበር። ከሰሉን ደግሞ ከእኔና ከእሷ በቀር ያየው የለም። እርስዎ ግን ጠዋት ስለ ከሰሉ ነገሩኝ፣ አቶ ወዳጆ። ሻዩም ብረት ብረት ያለው እርስዎን ብቻ ነው።»

ወዳጆ ፕላስተር የለጠፈበትን ጣቱን ሸሸገ። ቅናትን አስቻለች ታውቀዋለች፤ አብራት የሠለጠነችው ጓደኛዋ ኮማንደር ስትባል የ«እንኳን ደስ አለሽ» ኬኩ አልዋጥ ብሏት ነበር። ግን ዋጠችው።

«ሠላሳ ዓመት!» አለ ወዳጆ በመጨረሻ። «ትዳሩ ሞቀ፣ ቤቱ ሞላ፤ ይሁን አልኩ። ውሃ ውስጥ ያለ እንኳ ለሱ ብቻ ያብባል? እሱ ከሌለ ወርቄ ገንዳውን ለኔ ትሰጠኝ ነበር።»

«ጋሽ ወዳጆ» አለች ሳዲያ፣ «የእርስዎ የሚሞቱት እጅዎ አላርፍ ብሎ ነው። በየቀኑ ያነሷቸዋል፣ ያዞሯቸዋል። ኮራል አንዴ ካስቀመጡት ይተዉታል።» ከዚያ ጥግ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ኮራል የበቀለባት ትንሽ ድንጋይ አሳየችው። «ያቺን ጋሽ ገቢሳ ከግንቦት ጀምሮ ለእርስዎ ነበር የሚያሳድጓት። ስትጠነክር እሰጠዋለሁ፣ እንዳትነግሪው ብለውኝ ነው።»

ወዳጆ ድንጋይዋን አፍጥጦ አያት። እጁ ሳያስበው ወደ ገንዳው ተዘረጋ፤ ፖሊሱ ያዘውና ካቴናውን አጠለቀለት።

ወዳጆን ወሰዱት። ወርቄ ከገንዳው ፊት ብዙ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት ዞራ አይታው አታውቅም።

«ሳዲያ» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ምንድን ነው የሚበሉት?»