የተረፉት ዶሮዎች

መርማሪዋ ስትደርስ እናትየው በጓሮው ዶሮ ቤት ውስጥ፣ ለብርዱ ወራት በተነጠፈው አዲስ ጭድ ላይ ተንጋለዋል። ጎህ ሲቀድ ያገኘቻቸው ትንሿ ልጃቸው ናት። አጠገባቸው የከሰል ምድጃ አለ፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ተደርድረው ያንጎላጃሉ፤ አንዷማ ወርዳ የሟቿን ሻርፕ ትጭራለች። ሐኪሙ የገደላቸው የከሰል ጭስ ነው ብሎ ሄዷል።

የበኩር ልጃቸው ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ቁርሱን ይበላል። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ አጥር እንኳ አቁሞ አያውቅም። እናቱ መሬት ላይ ተዘርግተው እሱ የጠበሰውን እንቁላል በዳቦ ይጠርጋል። እንዲህ ያለውን ሆድ ከየት እንደሚያመጡት እንጃ።

«እማዬ ለዶሮ ስትል ሞተች» አለ አፉን ሳይጠርግ። «በረዳቸው ብላ ቀዳዳውን ደፍና ከሰል አስገባች።»

«የላይኛው ቀዳዳ የተደፈነው በውጭ በኩል ነው። ራሳቸው የደፈኑት አይመስልም። እርስዎ እዚህ ነው ያደሩት?» አለች መርማሪዋ።

«ሳሎን፣ ሶፋ ላይ። ቤቱን እንሽጠው ልላት መጥቼ አሻፈረኝ አለች፤ በጊዜ ገብታ ተኛች።»

«ዶሮ ቤቱ ጋ ሄደው ነበር?»

«እኔ? ጓሮውን ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል። ሽታው ራሴን ያመኛል። ምድጃው የእህቴ ነው፤ እሷን ጠይቋት።»

አብረዋት ለመጡት ፖሊሶች ይህች ቃል በቂ ነበረች። ነገር ማብላላት ምን ያደርግላቸዋል? አስከሬኑን ያገኘችውን፣ እናቷን ስትጦር የኖረችውን ትንሿን እህቱን ካቴና አስገብተው በረንዳ ላይ አስቀመጧት። መኪናው እስኪመጣ ነው።

የእሷ ባል ሶፋ ሰሪ ነው። የዶሮ ቤቱን ግድግዳ በላስቲክ የሸፈነው እሱ ነው፤ ጠርዙን አጥፎ፣ ሚስማሩን አቀራርቦ፣ ልክ ሶፋ እንደሚያለብስ። ከጣሪያው ሥር ያለው ቀዳዳ ላይ ግን ፕላስተር እንደነገሩ ተለጥፏል።

«ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አለ ተናዶ። «እማማ የላዩን እንዳትነካ ብለውኛል። ዶሮን ከብርዱ ይልቅ የታመቀ እርጥበት ነው የሚጨርሳት ይሉ ነበር። ሚስቴም ይህን ታውቃለች። እባክዎ አይውሰዱብኝ።»

መርማሪዋ ምድጃውን አነሳች። ከሥሩ ያለው ጭድ ጠቆር እንኳ አላለም። እንቁላል የሚጥሉበትን ሳጥን አየች፤ ጭዱ ጎድጉዷል፣ እንቁላል ግን የለም። ወደ በረንዳው ተመለሰች።

«ዛሬ እንቁላል ለቅመሻል?»

«ኧረ ምን እንቁላል» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «ላባቸውን ማራገፍ ከጀመሩ ወዲህ አቁመዋል። ቤት ውስጥም አንድ የለም። እማዬ ትናንት ፊታቸው ቀላ ብሏል፣ ሰሞኑን ይጀምራሉ ስትል ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከሰሉ ዶሮ ቤት ውስጥ ነዶ ቢሆን ከሰው ቀድመው የሚረግፉት ዶሮዎቹ ነበሩ» አለች። «ጭዱም ይቃጠል ነበር። እናትየው የታፈኑት መኝታ ቤታቸው ነው። ከሰል ያስገባባቸው ሰው ተሸክሞ ጓሮ አወጣቸው፤ በዶሮ ፍቅር ሞቱ እንዲባል። ቀዳዳውን የደፈነው ዶሮ የማያውቅ ሰው ነው። ባልና ሚስቱ ያውቃሉ።»

ኢንጂነሩ ሳቀ። «አለማወቅ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ቁርስዎን ከየት አመጡት?»

ሳቁ ቆመ። «ከ... ፍሪጅ።»

«ቤት ውስጥ እንቁላል አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ ግን ነበር፤ ዶሮዎቹ ትናንት ጀምረዋል። ጓሮውን አልረገጥኩም ያሉት ሰውዬ እናታቸውን ጭድ ላይ ጥለው፣ እንቁላል ለቅመው ነው የተመለሱት።»

ሰውዬው ከንፈሩን ላሰ፤ የእንቁላሉ ዘይት አሁንም ነበረበት። ካቴናው ከእህቱ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች መርማሪዋ። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። «ከሰሉን እዚያ ብታነደው ኖሮ አልደርስብህም ነበር። ለምን ተውከው?»

«ዶሮዎቹ ይሞታሉ እኮ» አለ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው። «ገና መጣል መጀመራቸው ነው።»

እህትየው ወጥ ቤት ገብታ፣ በተፈታ እጇ የወንድሟን ሳህን ከጠረጴዛው አንስታ፣ የተረፈውን እንቁላል ቆሻሻ ውስጥ ደፋችው።