የልምምዱ መስኮት

ሟቹ የተገኘው በፎቶ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ መሰላሉ ከጎኑ ተጋድሞ፣ የተቃጠለ አምፖል በእጁ እንደያዘ ነው። ነገሩ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ሰውየው አምፖል ሊቀይር ወጣ፣ ሚዛኑን ሳተ፣ ማጅራቱ ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር ተጋጨ፣ አበቃ። የጣቢያው ፖሊስ «አደጋ» ብሎ ሊዘጋው ሲል መርማሪዋ ደረሰች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፤ የገባችበትን ነገር ደግሞ ሳትወጋ አትወጣም። ሬሳውን ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ ሁለት ቀያይ ምልክቶች አገኘች። መነጽር ለዓመታት የሚተወው ዓይነት ምልክት ነው።

«መነጽሩስ?» አለች።

ፊቱ ላይ የለም፣ ወለሉ ላይ የለም፣ ኪሱም ውስጥ የለም። ከፎቶ ወንበሩ አጠገብ ባለች ትንሽ መደርደሪያ ላይ፣ እግሮቹ በሥርዓት ታጥፈው ተቀምጦ ተገኘ። አንዱ መስታወት ከጥግ ተሰንጥቋል። መርማሪዋ ስንጥቁን ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ ሬሳውን የመረመረውን ሐኪም ጠራችና ሰውየው ወዲያው ነው የሞተው ወይስ ቆይቶ ብላ ጠየቀች። ሐኪሙም ቆይቶ መሆኑን፣ ሰው ቢደርስለት ምናልባት ይተርፍ እንደነበር ነገራት።

ቢሮው ውጭ ሀገር ሊጎበኙ ለሚሹ ሰዎች የቪዛ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ነው። ሟቹ ባለቤቱ ነበር። ኋላ ባለው ክፍል ፎቶ ይነሳል፤ ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ክፍል ደግሞ ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ልምምድ ይደረጋል። ልምምዱን የሚመራው አሰልጣኙ የሚሉት ሰው ነው። ይህ ሰው ሥራውን ከምሩ ስለሚወድ የኤምባሲውን የመሰለ መስኮት ከነመስታወቱና ከነድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳው አሠርቷል። ከኋላው ተቀምጦ ፊቱን አጨፍግጎ ይጠይቃል፤ ደንበኛው ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። በእሱ መስኮት ያለፈ በዋናው መስኮት አይወድቅም ይባልለታል። እሱ ራሱ ግን በዋናው መስኮት ደጋግሞ ወድቋል። «ድልድይ ነው፤ ሰው ያሻግራል እንጂ አይሻገርም» እያሉ ከኋላው ይስቁበት ነበር።

መርማሪዋ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው።

የሟቹ ሚስት ወሬዋ መያዣ አልነበረውም። ቤት ነበርኩ አለች፣ ቆይታ ደግሞ መጀመሪያ እህቴ ጋ ነበርኩ አለች፣ ከዚያ ስለ እህቷ ጉልበት ሕመም አወራችና አለቀሰች። የፎቶ ክፍሉን ደጃፍ አልፌ አላውቅም፤ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ያመኛል አለች። ከዚህ ሁሉ መሐል መርማሪዋ አንድ ነገር ለቀም አደረገች። ባልየው ሰሞኑን ተቆጥቶ «በእኔ ስም ማንም አይወጣም» ሲል ሰንብቷል፤ ማንን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

ፎቶ አንሺው ገና ሳይጠየቅ ተንቀጥቅጦ ነበር። ክፍሉ የእሱ፣ መሰላሉ የእሱ፣ መደርደሪያዋም የእሱ ስለሆነች ሁሉም ዓይኑን የጣለው እሱ ላይ ነው፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ማታ ሻይ ቤት ኳስ ሲያይ ነበር። የግብ አግቢውን ስም አዛባ፣ አረመው፣ እንደገና አዛባው፣ ከጎኑ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሊደባደብ እንደነበርም ሳይጠየቅ ተናዘዘ። ሻይ ቤቱ ሲጠየቅ ለዚያ ጠብ መስካሪው ብዙ ሆነ።

ቀጥሎ አሰልጣኙ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የተስተካከለ ሰው ነው። ማምሻውን የት እንደነበር ተጠየቀ።

«ቢሮ ነበርኩ። አንዲት ደንበኛ አለማመድኩ። አብረን ወጣን። ቤት የሚጠብቀኝ ቤተሰብ ስላለኝ ቀጥታ ተመለስኩ» አለ።

መርማሪዋ አመሰገነችው። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መልስ ከሰማች ቆይታ ነበር።

ደንበኛዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ቢሮው ውስጥ ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል። ቃለ መጠይቃቸው ነገ ስለሆነ ጠዋት ለመጨረሻ ልምምድ ሲመጡ ነው ፖሊስ የጠበቃቸው። መርማሪዋ ወንበር አቀረበችላቸውና ለምን መሄድ እንደፈለጉ ጠየቀቻቸው። በዚህ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው ብቻቸውን ያሳደጓት። ውጭ ሀገር ነው ያለችው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጨንግፎባታል፤ ይሄኛው ሊወለድ ተቃርቧል፤ እናቷ ከአጠገቧ ካልሆኑ እንደማይሆንላት በየቀኑ እየደወለች ታለቅሳለች። አንድ ጊዜ አመልክተው ተከልክለዋል። ነገ ካለፋቸው ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከወሊዱ በኋላ ነው።

«ትላንት ማምሻውን የት ነበሩ እትዬ?»

እትዬ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ቢሮ ነበርኩ። እሱ አለማመደኝ። አብረን ወጣን። ቤት የሚጠብቀኝ ቤተሰብ ስላለኝ ቀጥታ ተመለስኩ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። የሰውየውን ገዳይ አግኝታለች፤ እሱን ለመያዝ በማን በኩል ማለፍ እንዳለባትም በዚያው ቅጽበት ገብቷታል።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በሰፊው ክፍል ሰበሰበቻቸው። እነሱ ደንበኞች ወረፋ በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። እሷ ከልምምዱ መስኮት ኋላ፣ ከአሰልጣኙ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሰልጣኙ ከንፈሩን ነከሰ። በደንበኛው በኩል ሆኖ ያንን መስታወት አይቶት አያውቅም ነበር።

«ከመነጽሩ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሰውየው ያለ መነጽር እጁን እንኳ አያይም። መሰላል ላይ መነጽሩን አውልቆ የሚወጣ ሰው የለም። መስታወቱ ደግሞ ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ ከፊቱ ወድቋል። የወደቀ መነጽር ራሱን አጣጥፎ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። አንድ ሰው አንስቶታል። አንስቶም መደርደሪያው ላይ አኖረው። ለምን እዚያ?»

ፎቶ አንሺው ወደ ወለሉ ያያል።

«ለቪዛ ፎቶ መነጽር አይፈቀድም። እዚህ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው በቀን ስንት ጊዜ የሰው መነጽር ተቀብሎ፣ አጣጥፎ፣ እዚያች መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። አምፖሉንና መሰላሉን አስቦበት ነው ያዘጋጃቸው። መነጽሩን ግን እጁ ነው ያስቀመጠው፤ ራሱን ሳያማክር። ሚስቱ ክፍሉን አልረገጡትም። መነጽር የሚቀበሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፎቶ አንሺውና ደንበኞቹን ወደ ፎቶ የሚያስገባው አሰልጣኝ።»

«እኔ ሻይ ቤት...» አለ ፎቶ አንሺው።

«አውቃለሁ። ተረጋጋ። አንተ አሥር ነገር ዘባርቀህብኛል፤ እውነት የያዘ ሰው ይዘባርቃል። አሁን ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ደንበኞች ‹ትመለሳለህ ወይ› ተብለው ሲጠየቁ ምን ብለው እንዲመልሱ ነው የሚለማመዱት?»

ፎቶ አንሺው በዚህ ግድግዳ ማዶ ሆኖ ሺህ ጊዜ የሰማው ነገር ነው። «‹ቤት የሚጠብቀኝ ቤተሰብ ስላለኝ እመለሳለሁ›» አለ። ከዚያ ራሱ ደነገጠ።

«እኔ ትመለሳለህ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ሰው የለም» አለች መርማሪዋ። «የት ነበራችሁ ነው ያልኩት። ሁለት ሰዎች ግን በአንድ ቃል፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ ለምን ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ ነገሩኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አሰልጣኙ ሰው ማለማመድ የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ለኤምባሲ በሚያለማምድበት መንገድ ለፖሊስም አለማመደ። እትዬ፣ ቤትዎ የሚጠብቅዎት ማን ነው?»

አሰልጣኙ ፈጠን ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«እትዬ፣ ነገ እኮ ቀጠሮ አለዎት» አለ።

መርማሪዋ ተነስታ ከመስኮቱ ኋላ ወጣችና ከእትዬ ፊት ቁጢጥ አለች። እስካሁን ያወራችው ሁሉ ለፍርድ ቤት እንደማይበቃ ታውቃለች። ዝም ብትላቸው ገዳዩ ነጻ ይወጣል፤ ብትጠይቃቸው ሴትዮዋ ልጃቸውን አያዩም። ሳትነግራቸው ልታናግራቸው ግን ሕሊናዋ እንቢ አለ።

«እሱ ያስፈራራዎት በውሸት አይደለም» አለች። «ከተናገሩ ዋናው ምስክር እርስዎ ነዎት። ፍርድ ቤት እስኪሰማዎት ድረስ ከሀገር አይወጡም። ወራት ይወስዳል። ይህን ደብቄ አልጠይቅዎትም።»

እትዬ ለረጅም ጊዜ የሟቹን ሚስት አዩ። ሚስትየዋም እሳቸውን አየቻቸው።

«እዚሁ አግዳሚ ላይ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ከውስጥ ይጨቃጨቁ ነበር። አሰልጣኙ ‹ሥራ እንዳለኝ ለኤምባሲው ፈርምልኝ፣ ይሄ የመጨረሻ ሙከራዬ ነው› ይላል። ባለቤትሽ ደግሞ ‹እንደማትመለስ ዓይንህ ይናገራል፤ በእኔ ስም ማንም አይወጣም› አለው። ከዚያ የሆነ ነገር ዷ አለ። እሱ ላቡን እየጠረገ ወጣ። ተንሸራተተ፣ ደህና ነው አለኝ። ‹እያቃሰተ ነው እኮ› አልኩት። ‹እኔ አለሁለት፤ ፖሊስ ከመጣ ምስክር ብለው ይይዙዎታል፣ ቀጠሮዎ ይቀራል› አለኝ። የምለውንም አስጠናኝ። እኔም...» ወደ ሚስትየዋ ዞሩ። «እኔም ልጄን አሰብኩና እያቃሰተ ትቼው ሄድኩ።»

ሚስትየዋ ደረቷን መታች። አሰልጣኙ ተነስቶ ቆመ፤ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው።

«ልገድለው አልነበረም» አለ። «ገፋ ነው ያደረግኩት። ለስንት ሰው በር ከፍቻለሁ፤ ለእኔ አንድ ፊርማ!»

እስካሁን «እርስዎ» ትለው የነበረችው መርማሪ ወደ «አንተ» ዞረች።

«መግፋቱን በንዴት በለው» አለች። «ሰውየው እስትንፋሱ ሳይወጣ ግን አምፖል አስጨብጠኸዋል።»

ፖሊሶቹ አሰልጣኙን ይዘውት ሲወጡ በመስታወቱ ፊት አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየውም።

እትዬ ቃላቸውን ሰጥተው ከፈረሙ በኋላ ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው ነበረች። መርማሪዋ ልትወጣ ስትል እትዬ እጇን ያዙና አስቀሯት። ብቻቸውን መሆን አልቻሉም።

«እማዬ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» የሚለው ድምፅ ለመርማሪዋም ይሰማል።

«አልገባም የኔ ልጅ።»

«ምን ማለት ነው? ገና ሳትገቢ ከለከሉሽ?»

እትዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ማንም አልከለከለኝም» አሉ። «እኔው ነኝ የቀረሁት።»

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ተሰማ። እትዬ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ ስልኩን ከጆሯቸው አላራቁም።