በውሸት የጠራሁት ሰባተኛ አባት

ይሄ ታሪክ እውነት ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮችኮር የሚባል መንደር ውስጥ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተጋድማለች።

የሚያስፈራ ነገር የሚመጣው በጨለማ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ... የኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የመጣው።

ኡላርቤክ እባላለሁ። የዚያን ቀን የሄድኩት ቡሩልን ለጋብቻ ለመጠየቅ ነበር። አባቴ ወገቡን አሞት አት ባሺ፣ መንደራችን ቀርቷል። ብቻዬን ነበርኩ።

ቡሩልን ያሳደጓት አያቷ ሽማግሌው ዶሎት ናቸው። ነጭ የሱፍ ቆባቸውን ደፍተው፣ ሻይ እንኳ ፉት ሳልል ጠየቁኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ይሄ ጥያቄ እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሰባት አባት ቆጥረህ ትመልሳለህ። በሰባት ቤት ውስጥ የምትዛመድ ከሆነ ልጅቷን አታገኝም። መቁጠር ካቃተህም ያው ነው። ሰባት አባቱን የማያውቅ ባሪያ ነው ይሉሃል፣ ያውም ፊት ለፊትህ።

እኔ የማውቀው ስድስት ነው። ሰባተኛውን የሚያውቁት ሽማግሌ ድሮ ሕዝባችን በተሰደደበት ዓመት ተራራ ላይ ሞተው ቀርተዋል። አባቴም ሲቆጥር ስድስት ላይ ያቆማል።

ቆጠርኩ።

«ጁማሽ። ኢማናሊ። ቶክቶር። ባይሳል። ኩርማን። ካራቻ...»

«እ? ሰባተኛው?»

ቡሩል ከበሩ ጀርባ ቆማ ታየኛለች።

«ጆክ...» አልኩ።

«ጆክ» በኛ ቋንቋ «የለም» ማለት ነው። እውነቱን ልናገር ነበር። ግን የሽማግሌው ፊት ሲጠቁር አየሁና ምላሴ በራሷ ቀጠለችበት።

«...ባይ። ጆክባይ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ዶሎት አልጠረጠሩም። ድሮ ሰው ልጁን ሞት እንዳያይበት ብሎ እንዲህ ያለ ክፉ ስም ያወጣ ነበር። ጣታቸውን እያጠፉ በልባቸው የራሳቸውን ቆጠሩ።

«እኛ ጋ ጆክባይ የሚባል የለም» አሉ። «ቤቶቻችን አይገናኙም። ይባረክላችሁ።»

ሐሙስ ስለሆነ ሚስታቸው ኡምሱናይ ሰባት ቂጣ በዘይት መጥበስ ጀመሩ። ለሙታን ነው። ሙታን የሚበሉት ሽታውን ነው። ዶሎት ቁርኣን ቀሩና የኔንም አባቶች አንድ በአንድ ጠሩ። መጨረሻ ላይ ጆክባይን...

ስሙን ሲጠሩት የዘይቱ ሽታ ጠፋ።

መጥበሻው ይንጫጫል። ጭሱ ይወጣል። ሽታ ግን የለም።

ኡምሱናይ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ውይ! ደግሞ ማነው እንዲህ የራበው?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

...

ተጋባን። ዋና ከተማው ቢሽኬክ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየን። በመጀመሪያው ሐሙስ ቡሩል ቂጣውን ጠበሰች፣ እኔ አባቶቼን ጠራሁ።

«ጁማሽ። ኢማናሊ። ቶክቶር። ባይሳል። ኩርማን። ጆክባይ።»

«ስድስት ብቻ?» አለች ቡሩል።

ቆም ብዬ አሰብኩ። አንዱን ዘልያለሁ።

«ካራቻ! ካራቻን ረስቼው ነው።»

«ካራቻ ደግሞ ማነው?»

«አያትሽ ቤት ስቆጥር ሰምተሽኝ የለ?»

«እንዲህ የሚባል ስም ሰምቼ አላውቅም» አለች። ስትቀልድ አውቃታለሁ። አልቀለደችም።

አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ እስቲ አባቶቻችንን ቁጠርልኝ።»

«ምነው፣ ሚስትህ የማን ልጅ እንደሆንክ አስረሳችህ?» ብሎ ሳቀና ቆጠረ። «...ባይሳል፣ ኩርማን፣ ጆክባይ። አበቃ።»

ስለ ጆክባይ ለአባቴ ነግሬው አላውቅም። ከቡሩል ቤተሰብ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

«ካራቻስ?» አልኩት።

«ካራቻ? ጥቁሩ ውሻችን ነው እንዴ?»

«ጆክባይን ማን ነገረህ?»

«እንዴ! አባቴ ነዋ!»

...

ከወር በኋላ ኩርማን ጠፋ።

ከዚያ ባይሳል።

ስሙ በየጊዜው አንድ ደረጃ ወደኛ ይጠጋል። ከፊቱ ያለውን ይውጥና ቦታው ላይ ይቀመጣል። እኔ ካልሆንኩ በቀር የሚያስታውስ የለም።

አንድ ሐሙስ ቡሩል ሊጥ ስታቦካ ደረስኩባት።

«ዛሬ አትጥበሺ» አልኳት።

«ሙታን ደጅ ቆመው እየጠበቁ? ነውር ነው!»

«አትጥበሺ አልኩሽ!»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዱቄት ነካት።

«ቀስ በል... ይሰማሃል።»

«ማን?»

ወደ ሳሎኑ አየች። ከዚያ ወደኔ።

«እኔ እንጃ» አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቅም ነበር።

ጠበሰችው። ቶክቶርም ጠፋ።

በመኸር አት ባሺ ወርጄ ከአባቴ ጋር የአያቴ መቃብር ሄድን። አያቴ ኢማናሊን በጣም እወደው ነበር። ፈረሱ ላይ ከፊቱ ያስቀምጠኝና ከኪሱ ስኳር እያወጣ ያጎርሰኝ ነበር። ስኳሩ ትምባሆ ትምባሆ ይላል።

ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የራሱ መልክ ነው። ቆቡ ነው፣ ጢሙ ነው።

ከሥሩ ግን «ጆክባይ» ይላል።

አባቴ አቧራውን በእጅጌው ጠረገለት።

«አባቴ ጆክባይ ደግ ሰው ነበር» አለ። እንባው መጣ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። አያቴ ግን ከነስሙ ተቀበረ፣ የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ለአንዲት ደቂቃ ሀፍረት ብዬ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያ ነገርና በአባቴ መሀል የቀረ ማንም የለም።

...

ኮችኮር ሄጄ ዶሎት እግር ስር ተቀመጥኩ።

«አባቴ፣ ዋሽቻለሁ። ጆክባይ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም።»

ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«የጠራኸው አንተ ነህ» አሉ በመጨረሻ። «የበላው የኛን ቂጣ ነው። ጠርተህ ያበላኸውን ሰው እንዴት የለም ትለዋለህ?»

«ምን ላድርግ?»

«በሐሙስ፣ ቂጣው ሲጠበስ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ባለበት ተናገር። ሰባተኛ አባቴን አላውቅም፣ ዋሽቻለሁ በል።»

«ከዚያስ ... ቡሩል?»

«ልጄን እወስዳለሁ። ሳላውቅ የሆነው ሌላ ነገር ነው። አሁን ግን ዐውቄ ቤቶቻችን አይዛመዱም ብዬ አልፈርድም።» ትከሻዬን ያዙ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነው ልጄ።»

እሺ አልኳቸው።

ቡሩል የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ትውለድ አልኩ። ወለደች። ከአራስ ቤት ትውጣ አልኩ። ሐሙስ አለፈ፣ ሌላ ሐሙስ አለፈ። ዶሎት ስልክ ሲደውሉ አላነሳም ነበር። ኋላ መደወሉን ተዉት። አንድ ቀን እኔው ደውዬ ስለ ተነጋገርንበት ጉዳይ ብላቸው «የቱ ጉዳይ?» አሉኝ።

ፈሪ ነኝ። ሚስቴን ላለማጣት አባቴን አሳልፌ ሰጠሁ። ሌላ ስም የለውም።

...

የልጄ አርባ ቀን እሁድ ዋለ። ስም የሚያወጣላት አባቴ ነው። በጠዋት አውቶቡስ ይመጣል ተብሎ ቤቱ ሞልቷል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

«አባባ መጡ!» አለች ቡሩል።

ደጃፉ ላይ የአባቴን ቦት ጫማ አየሁ። የቀኙ ተረከዝ ያለቀው። ደስ አለኝ፣ እየሮጥኩ ሳሎን ገባሁ።

ከክብር ቦታው የአባቴ ካፖርት ተቀምጧል። እናቴ ሳትሞት የጣፈችው እጅጌ...

ከአንገትጌው በላይ ፊት ነበረ። ፊት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ዓይኑን ሳየው አፉን እረሳለሁ፣ አፉን ሳየው ዓይኑን እረሳለሁ። አሁን እንኳ ጢም ይኑረው አይኑረው ልነግራችሁ አልችልም።

ልጄን ተቀበለ። በጆሮዋ ሦስት ጊዜ አንሾካሾከ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሰው ሁሉ «አሚን» አለ።

የቡሩልን ክንድ ያዝኩ።

«አባቴ ማን ይባላል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ጆክባይ ነዋ። ምን ነካህ?»

የአባቴ ስም ጁማሽ ነበር። ጁማሽ። ይሄን የምጽፈው እናንተ እንኳ እንድታውቁት ነው። ወገቡን የሚያመው፣ ስልክ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚቀልድ ሰው ነበር። አሁን የሚፈልገው የለም፣ መቃብርም የለው።

እንግዶቹ ወጡ። እሱ ቀረ። ማታም፣ በማግስቱም ከዚያ ቦታ አልተነሳም። ቡሩል ሻይ ታቀርብለታለች።

ሐሙስ ደረሰ። ዶሎትና ኡምሱናይ ልጅቷን ሊያዩ መጡ። ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ትሂድ፣ ልጄንም ይውሰዱ፣ ብቻ ይሄ ይቁም...

ዘይቱ ሊግል ሲል ዱቄት አነሰ። ታች ካለው ሱቅ ገዝቼ ለመመለስ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ደረጃውን ስወጣ ቃሎቹን በአፌ ደጋግሜያቸዋለሁ።

ቁልፌ አልዞር አለ።

አንኳኳሁ። ቡሩል ከፈተች። እጇ ዱቄት በዱቄት ነው።

«ዋሽቻለሁ» አልኳት ገና በሩ ላይ። «ሰባተኛ አባቴን አላውቅም። ቡሩልዬ፣ ጆክባይ የሚባል ሰው የለም። እያያችሁት እንኳ የለም!»

ፈገግ አለች። ለማታውቀው ሰው የምትሰጠው ፈገግታ ነው።

«ማንን ፈልገው ነው?»

እርስዎ አለችኝ።

በትከሻዋ በኩል ሳሎኑ ይታያል። ዶሎት ሻይ ይዘው እየሳቁ ያወራሉ። ካፖርቱ አጠገባቸው ነው። ልጄ ጭኑ ላይ ናት።

«እኔ ነኝ...» አልኩ። «ባልሽ።»

ፊቷ ተለወጠ። አልጮኸችም፣ ቡሩል ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። እብድ ወይም የተራበ መስያት መሰለኝ፣ ዓይኗ አዘነ። ገባ ብላ አንድ ትኩስ ቂጣ አመጣችልኝ።

«ለሙታኖቻችን ያደረግነው ነው» አለች። «ይቅመሱልን።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ቂጣውን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ልጄ ስትስቅ ሰማኋት። እስከዚያ ቀን ስቃ አታውቅም ነበር።