ጥቁር ካርድ ቁጥር አርባ አንድ

ጋሽ ኢድሪስ ከሞቱ ሃያ ደቂቃ ያህል አልፎ፣ አንድ ታዛቢ አጠገባቸው ቆሞ ቅጹ ላይ “ተጎጂ ቁጥር 41፤ ግሩም ትወና” ብሎ ጻፈ።

መርማሪ ሳሊሀ ቅጹን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። አፏን መረራት።

ቦታው የቶሮንቶው ዌስተን ሰፈር ነው፤ ከባቡር ሐዲዱ ጥግ ያለ ባዶ መጋዘን። ጠዋቱን ሙሉ የሽብር ጥቃት ልምምድ ሲካሄድበት ነበር። አሸባሪ መርዝ ረጨ ተባለ፤ መርዙ የቲያትር ጭስ ነው። መቶ ሃያ ፈቃደኞች ተጎጂ ሆነው ወለሉ ላይ ተኙ። የሚበዙት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ፎቆች በአውቶቡስ የመጡ የመስጊድ ሰዎች ናቸው። አዘጋጆቹ እንደ ዕቃ ቁጥር ሰጥተው አንገታቸው ላይ ካርድ አንጠልጥለውላቸዋል። አረንጓዴ ቀላል ጉዳት ነው፣ ቀይ አስቸኳይ፣ ጥቁር ሬሳ። ጥቁር ካርድ ያለበትን ነፍስ አዳኞቹ ዘለውት ያልፋሉ።

ጋሽ ኢድሪስ አንገት ላይ ያለው ጥቁር ነበር። ዝርዝሩ ላይ ግን ቁጥር 41 አረንጓዴ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። የልምምዱ ሬሳዎች ሁሉ በጀርባቸው እንዲንጋለሉ ታዘዋል። እሳቸው በቀኝ ጎናቸው ናቸው። እግራቸው ተዘርግቷል፣ ልብሳቸው ተስተካክሏል፤ ፊታቸው ባቡሩ ወደ መሀል ከተማ የሚወርድበትን አቅጣጫ፣ ደቡብ ምሥራቁን ያያል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንዲህ አምሮ አይተኛም።

አለቃዋ ደወለ። “አስም ነው ሳሊሀ። ጭሱ ቀስቅሶባቸው ነው። ዝጊውና አስከሬኑን ለቤተሰብ እንስጥ።”

“እስከ ማታ ጠብቀኝ” አለችው።

ቢጫው የፖሊስ ሪባን ጋ የሟቹ ልጅ ኢብቲሳም ቆማለች። እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች፣ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

“አባባ የአስም መድኃኒቱን፣ ኢንሄለሩን ከኪሱ አይለይም” አለች። “ኔቨር!”

ኪሳቸው ውስጥ ኢንሄለር አልነበረም።

“ዛሬ ለምን መጡ?”

“ሚቲንግ ነበር፣ ከድሪሉ በኋላ። ሊናገር ነበር። ያ መርዝ ማጠቢያ ድንኳን አንድ ብቻ ነው፣ ወንድም ሴትም ልብሱን እዛ ያወልቃል። ሪል አታክ ቢመጣ የኛ እናቶች እዛ አይገቡም፣ ይሮጣሉ፣ መርዙን ይዘው ቤት ይገባሉ፣ ይሞታሉ አለ። የስምምነት ፔፐሩን ሳይን አላደርግም ብሎ ነበር።” እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “ሳሊሀ፣ ጀስት ቴል ሚ። ብቻውን ነው የሞተው?”

ሳሊሀ “አጣራለሁ” ብላት ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።

የልምምዱ ኃላፊ ሜጋን የምትባል ነጭ ሴት ናት። ከሰው ሞት ይልቅ የጊዜ ሰሌዳዋ መበላሸቱ የቆጫት ትመስላለች።

“ጭሱን ከዕቅዱ እጥፍ ያደረገው ማነው?”

“እኔ። እውነት እንዲመስል ነው።”

“ድንኳኑ ላይ ተቃውሞ አልነበረም?”

“በፍጹም። የማኅበረሰብ አስተባባሪያችን ፋሩቅ የሽማግሌዎቹን ስምምነት አምጥቷል።” ወረቀቱን ዘረጋችላት። ከፊርማዎቹ አንዱ የጋሽ ኢድሪስ ነው፤ አልፈርምም ያሉት የጋሽ ኢድሪስ።

ቀጥሎ የአውቶቡሱ ሾፌር ጋሽ ሙኽታር ቀረቡ። ጠዋት መንገድ ላይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ስድስት ሰው ሰምቷል። ሲተኙም ጎን ለጎን ነበሩ።

“ምን አጨቃጨቃችሁ?”

“ዝም በል አልኩት። የሰው አገር ነው፣ ምን አገባህ አልኩት።” ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። “ምነው ምላሴን በቆረጠው!”

“ሲወድቁ አላዩም?”

“አየሁ እንጂ። እጁን አናቱ ላይ አጣመረ። የምር የታመመ ሰው እንዲያ ያድርግ ብለውናል። ወዲያው አንድ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሰው መጥቶ ተንበረከከለት። ፊቱ በጭሱ አልታየኝም። ጆሮው ላይ ሲያንሾካሹክለት ሰማሁ። ተመስገን፣ ደረሱለት ብዬ ተኛሁ።”

“ከዚያ በኋላስ አልተነሱም?”

“ሬሳ ነበርኩ ልጄ። ሬሳ አይነሳም አሉን።”

ሳሊሀ ዘገነናት። ሰው ጓደኛው አጠገቡ ሲሞት ትእዛዝ አክብሮ ይተኛል። በቀኝ ጎናቸው የተስተካከሉት ሬሳ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። አያቷ ሲያጣጥሩ እንዲሁ ነበር ፊታቸውን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙረው ያስተኟቸው።

“ጋሽ ሙኽታር፣ ቂብላ በየት በኩል ነው?”

ሽማግሌው ሳያመነቱ ከሐዲዱ ማዶ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጠቆሙ። “መስጊዳችን ሁሌም በዚህ ነው።”

ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱት አዘጋጆች አራት ናቸው። ሦስቱ ቂብላ ምን እንደሆነም አያውቁም። አራተኛው ፋሩቅ ከአውቶቡሱ ጎን ቆሞ ሴቶቹን ያጽናናል፤ እንባው እስከ ጢሙ ወርዷል። ማንም ሰው ከግቢው እንዳይወጣ ስለታገደ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም።

“ፋሩቅ፣ የዙሁር ሶላት ሊያልፈኝ ነው” አለችው በቀስታ። “ቂብላውን ታሳየኛለህ?”

“በዚህ ነው እህቴ።” ክንዱን ሐዲዱ ወደ መሀል ከተማ በሚሄድበት ዘረጋ። ደቡብ ምሥራቅ።

“መስጊዱ ወደዚያ ማዶ አይደል የሚሰግደው?”

“ተሳስተዋል። ካርታ ዘርግተሽ እዪው፣ መካ ከኛ በታች ናት። ስንት ዓመት ተከራከርኳቸው፣ አንድ ሰው አልሰማኝም።”

“አንድ ሰው?”

“አንድም።”

“ጋሽ ኢድሪስን ታዲያ ወደዚህ ማን አዞራቸው?”

የፋሩቅ ክንድ እንደተዘረጋ ቀረ።

ሳሊሀ አጠገባቸው የቆመውን ፖሊስ ጠቀሰችው። ከሰደርያው የውስጥ ኪስ አረንጓዴ ካርድ ቁጥር 41 ወጣ። ከሥሩ ሰማያዊ ኢንሄለር ነበር።

“ከእጃቸው ወድቆ ነው” አለ ፋሩቅ ድምፁ ሰልሎ። “አነሳሁት። ልሰጣቸው ነበር፣ ወላሂ! ግን ሊናገሩ ነው የመጡት። እነ ሜጋን ቋሚ ሥራ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል። በስማቸው የፈረምኩት እኔ መሆኔ ቢታወቅ ማን ያየኛል?”

“እና ጥቁር ካርድ አንጠለጠልክባቸው።”

“አልገደልኳቸውም። አስሙ ነው።”

“ስታዞራቸው ይተነፍሱ ነበር?”

ፋሩቅ የሚመሰገንበት ነገር ያገኘ ይመስል ቀና አለ። “ሸሃዳ አስባልኳቸው። ያለ ሸሃዳ እንዳይሄዱ ብዬ ላ ኢላሀ ኢለላህ በጆሯቸው አልኩላቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል።”

“አየር እየለመኑህ ነበር” አለች ሳሊሀ።

ካቴናው ሲገባለት ልታየው አልቻለችም። አላህን ፈርቶ ፊት ያዞረ እጅ፣ ሁለት ጣት የምታህል ዕቃ ከኪሱ ማውጣት አቃተው! ቧንቧ ፈልጋ እጇን ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች።

ኢብቲሳም እዚያው ሪባኑ ጋ ነበረች።

“ብቻውን ነበር?”

“አልነበሩም። አጠገባቸው ሰው ነበር። ሸሃዳም ብሎላቸዋል።”

“አልሐምዱሊላህ” አለች ልጅቷ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ ለቃ።

ሳሊሀ ሪባኑን አልፋ እጇን ያዘቻት። ቀሪውን ልትነግራት ነው።