የኋላ ወንበር ቀበቶ

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። እኔና ባለቤቴ አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ያየነውን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ነው... እንጅባራ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

ቀን ነበር። ግን ጉሙ ወርዶ መንገዱን ውጦታል።

ሳሊሕ እባላለሁ፤ የዳንግላ ነጋዴ ነኝ። ከገበያ ገበያ ድንች አመላልሳለሁ። ናፍጣ ፍለጋ ሰልፍ ላይ ማደር ስለመረረኝ የኤሌክትሪክ ፒካፕ ልገዛ አሰብኩ።

ባለቤቴ አፊያ ግን ልቧ አልተቀበለውም።

"መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ልንፈታ ነው?" ትለኛለች። "ድንች እንደጫንክ ዳገት ላይ ባትሪው ቢያልቅስ?"

እውነቷን ነው። እኔም ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ሰልፉ ትዝ ሲለኝ እገዛለሁ እላለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እተወዋለሁ። በመጨረሻ "እንየውና እንወስን" ተባባልን።

ሻጩ ጋሽ አዝመራው ይባላሉ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ዝምተኛ ሰው። መኪናቸው ነጭ ደብል ጋቢና ነው። ጭረት እንኳ የለበትም።

"ለምን ይሸጡታል?" አልኳቸው።

"ብቻዬን ቀረሁ። ምን ያደርግልኛል?"

"አብረውን ወጣ አይሉም?"

"እናንተ ሞክሩት። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።"

እኔና አፊያ ከፊት ገባን። ልንነሳ ስንል ጋሽ አዝመራው የኋላውን በር ከፈቱ።

ትንሽ ቆዩ... ሰው እስኪገባ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከዚያ ቀስ አድርገው ዘጉት።

አፊያ አየችኝ። እኔ ግን መሪውን እያየሁ ነበር።

ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ወጣን። የሞተር ድምፅ የለም። የሚሰማው ጎማው ውሃ ሲረግጥ ብቻ ነው። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው።

በልቤ ገዛሁት።

ያኔ ነው የጮኸው።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ አላሰረም ይላል።

"ከኋላ ዕቃ አስቀምጠሻል?"

"ምንም አላስቀመጥኩም።"

እርጥበት ገብቶበት ይሆናል አልኩ። እንዲያውም ዋጋ ማስቀነሻ ሰበብ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ጢጥ... ጢጥ...

ቀጭ።

ድምፁ ቆመ።

ያንን "ቀጭ" መኪና የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ቀበቶ ሲታሰር ነው እንደዚያ የሚለው።

አፊያ ቀስ ብላ ዞረች። ወዲያው ተመለሰች። ጣቶቿ ጉልበቴን ጨመደዱት።

"ሳሊሕ... አትዙር። ዝም ብለህ ንዳ።"

"ምን አየሽ?"

"ታስሯል።"

በመስታወቱ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ቀበቶው ግን መቀመጫው ላይ አልተኛም። ከወንበሩ ራቅ ብሎ፣ ደረት ላይ እንዳረፈ ተወጥሯል።

ደግሞ ይንቀሳቀሳል... ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ...

እንደሚተነፍስ ሰው።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ጋሪ ብቅ አለ። ፈረሱ እኛን ሲያይ ድርቅ ብሎ ቆመ። ባለጋሪው ሽማግሌ ቢጎትቱት ንቅንቅ አልልም አለ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እኔም ቆምኩ።

ሽማግሌው ወርደው ወደ እኛ መጡ። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

"አባባ፣ ፈረሱ ምን ሆነ?"

እኔን አላዩኝም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው የኋላውን ወንበር አዩ። ከዚያ በአዊኛ፣ ለሚያውቁት ሰው እንደሚናገሩ፣ ለስለስ አድርገው አንድ ነገር አሉ።

ዝም ብለው አዳመጡ...

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተመልሰው የፈረሱን ዓይን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ እየጎተቱ በጎናችን አሳለፉት። አንድም ጊዜ ዞር አላሉም።

እኔ አዊኛ አልሰማም። አፊያ ግን አዊ ውስጥ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ ነው ያደገችው፤ ቋንቋውን ታውቀዋለች።

"ምን አሉ?"

"'ልጄ... ማን አረጠበሽ?' ነው ያሉት።"

"መልሱስ?"

"እኔ አልሰማሁም። እሳቸው ግን ሰምተዋል።"

መኪናውን አዞርኩ። እንዴት እንዳዞርኩት አላውቅም። አፊያ ቁርአን እየቀራች፣ እኔ ወደ መስታወቱ ላለማየት እየታገልኩ ተመለስን። ከኋላ የረጠበ ልብስ ሽታ ይመጣል።

ጋሽ አዝመራው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። በቀጥታ የኋላውን መስኮት ጠጋ ብለው አዩ።

ቀጭ።

ቀበቶው ተፈታ።

ዘለን ወረድን። ቁልፉን መለስኩላቸው።

"ጋሽ አዝመራው... መኪናውን አንገዛውም።"

አልተቆጡም።

"አልወደደቻችሁም ማለት ነው" አሉ።

"ማን?"

እጃቸውን ወደ ዘንገና ሐይቅ አቅጣጫ ዘረጉ። ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

መናኸሪያ ሄደን የዳንግላ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። እስኪሞላ ተቀመጥን።

ድንገት አፊያ ክንዴን ያዘችኝ። እንፋሎት የሸፈነውን መስኮት በእጇ ጠርጋ ወደ ውጭ ታያለች።

ነጩ ፒካፕ ያለ ድምፅ በአጠገባችን እያለፈ ነው።

ጋሽ አዝመራው ከኋላ ተቀምጠዋል። ቀበቶ አስረዋል። ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ከፊት ማንም የለም።

ወደ ዘንገና ሐይቅ መታጠፊያው ሲደርስ መኪናው ዝግ አለ...

የግራ ፍሬቻው በራ።

ብልጭ... ብልጭ... ብልጭ...

ከዚያ ታጠፈ።