የፈንታነሽ አያት ሞርሳ

ዓለምነው አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት የቀረ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል አሮጌ የእጅ መሣሪያ የሚሰበስብ ብቸኛ ልጅ ነበር። መላጊያ፣ መሮ፣ እጀታው የወለቀ መዶሻ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ። ዝገቱን በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ያነሣና ብረቱን በጠመኔ ያሸዋል፤ የጠፋው ጽሑፍ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል፣ የት ተሠርቶ በማን እጅ እንደኖረ እያሰበ ምሳውን ይረሳል። የሰፈሩ ሰው «ዝገቱ» ይለዋል። አይከፋውም።

ፈንታነሽን ያገኛት ቁርጥራጭ ብረት ከሚገዛው ከጥላዬ ደጃፍ ነው። ከአረብ ሀገር ከተመለሰች ዓመቷ ነው፤ በቋጠረችው ገንዘብ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታለች። ያን ቀን እብናት ከሟች አባቷ ቤት ያመጣችውን፣ ብረት ነክሶ የሚይዝ ትልቅ ሞርሳ ከባጃጅ እያወረደች ነበር። ጥላዬ ሚዛኑን ሲያዘጋጅ ዓለምነው መሃል ገባ።

«እህቴ፣ ይሄን አትሽጪው።»

«ለምን? ዘመድህ ነው?»

«በኪሎ የሚሸጥ አይደለም። መንጋጋውን እዪው፣ እንዴት እንደሚገጥም።»

«እኔ የማየው ወገቤን እንደቆረጠኝ ነው።»

«እኔ ልሸከምልሽ።»

«ወዴት?»

ይህን አላሰበበትም ነበር። ጥላዬ ሳቀ፤ እሷም ሳቋ አመለጣት። ዓለምነው ግን አልሳቀም፤ ስትስቅ ሲያያት ነበር።

«በል ውሰደው» አለችው። «ግን ምን እንደሆነ ደርሰህበት ትነግረኛለህ።»

ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰው ሲበተን ወደ እሱ ክፍል ብቅ ትላለች። እሱ ይፍቃል፣ እሷ ጠመኔውን በጣቷ ታሻሻለች። አንድ ቀን ዝገት የነካው ጣቱና ጠመኔ የነካው ጣቷ አንድ ፊደል ላይ ተገናኙ። ሁለቱም አላነሡም። ስለ ብረቱ የተናገረ አልነበረም።

የሞርሳው አካል ባሕር ማዶ የተሠራ ነው። መሃሉን የሚያጠብቀው ብሎን ግን የፋብሪካ አይደለም፤ ጥርሱ አንድ በአንድ በእጅ የተቆረጠ ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት ነጥቦች ተመተውበታል። ዓለምነው እነዚያን ነጥቦች በሁለት አሮጌ መጥረቢያዎች ላይ አይቷል። በገበያ ቀን እብናት ወርዶ አንድ ሽማግሌ ጠየቀ።

«የይሻው እጅ ነዋ» አሉት። «እንዲያ ያለ ቀጥቃጭ ከዚያ ወዲህ አላየንም።»

ሲመለስ ትንፋሹ እየቀደመው ነገራት። ፈንታነሽ ተነሥታ በሩን መለሰችው።

«አያቴ ነው» አለች። «አባቴ ወደ እርሻ ገብቶ ነገሩን አዳፈነው። ቀጥቃጭ ዓይኑ ሰው ይበላል እንደሚሉ ታውቃለህ። እኔ ደግሞ ምግብ ነው የምሸጠው። በእኔና በአንተ ይቅር።»

«በእኔና በአንቺ ይቅር» አላት፤ እጇን ይዞ።

ሽማግሌ ሊላክላት ለእሑድ ተቆረጠ። ዓርብ ዕለት የዓለምነው አጎት ጋሼ ስማቸውና እናቱ ወይዘሮ ሙላቴ ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ከእሱ ጋር በእናቱ ግቢ ተቀመጡ፤ ዝምድና እንዳይኖር።

«በእናቷ በኩል ጨረስን» አሉ ጋሼ ስማቸው። «አባቷን የወለደው ማን ይባላል?»

«ደህና ሰው ነበሩ፣ ጋሼ።»

«ስም ነው የጠየቅኩህ። ከአረብ ሀገር የመጣች፣ አያቷ በስም የማይጠራ... ምኑን ይዘን ነው ሰው ደጅ የምንቆመው?»

የዓለምነው ፊት ነደደ። ወደ ክፍሉ ሄዶ ሞርሳውን አቅፎ ተመለሰና እግራቸው ሥር አስቀመጠው።

«በስም የማይጠሩ? ይሄን ይዩ እስቲ። ይዳስሱት። ጥርሱን በሞረድ ነው የቆረጡት፣ አንድ በአንድ። እስከ ዛሬ ፀጉር ታህል አይላወስም። ይሻው ይባላሉ። ምልክታቸው ይኸው...»

ስለ ብረት ማውራት ከጀመረ ማቆም አያውቅበትም። ሲጨርስ አጎቱ እጃቸውን ከብረቱ አንሥተው በጋቢያቸው ይጠርጉ ነበር።

«ባለእጅ ናቸው በለኛ» አሉ።

እናቱ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ከእጇ ስንት ጊዜ በላህ?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

በየቀኑ ነበር የበላው። ቀና ብሎ አላያቸውም።

እሑድ ሽማግሌ አልሄደም፤ ወሬው ግን ከአጎቱ አፍ ወጥቶ መናኸሪያውን አዳርሶ ነበር። ማክሰኞ ዓለምነው ራሱ ሄደ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ግን አንድም ሰው የለም። አንዲት የሰፈር ሴት በሩን ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ከለለች።

«በእኔና በአንተ ይቅር ብዬህ ነበር» አለችው ፈንታነሽ፤ ሳትቆጣ።

«ላከብራቸው ብዬ ነው፣ ፈንታዬ። ሲንቋቸው አልቻልኩም።»

«እሺ። አጎትህ ባለእጅ ናቸው ሲሉስ ምን አልክ?»

ዓለምነው የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«ባሕር ዳር እንሂድ» አለ በመጨረሻ። «ነገውኑ። እዚያ ማን ያውቀናል? እኔ ማንም ምንም ቢል ግድ የለኝም።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ግንባሯ ላይ ቋጥራው የነበረው ነገር ትንሽ የላላ መሰለ።

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

ጓዳ ገብታ የሚፍለቀለቅ ሽሮ ይዛ ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ያልቀመሰላት ምግብ ነው። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። ዓለምነው ታጠበ፣ ቆረሰ፣ አጠቀሰ።

ደጅ የእግር ኮቴ ተሰማ።

ቁራሹን እንደያዘ ወደ በሩ ዘወር አለ። ማን እንዳየው ሊያይ ነበር። ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ነው፤ ሲመለስ ግን ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፤ አላነሣችውም።

«ፈንታዬ፣ እኔ እኮ...»

«አየሁህ።»

ጎረሰ። ሌላም ጎረሰ፣ ሳያላምጥ፣ እየተጣደፈ፣ ሽሮው አፉን እያቃጠለው። እሷ ግን ተነሥታ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ትገለብጥ ጀምራለች።

«ቀስ ብለህ ብላ፣ ያንቅሃል» አለችው ሳትዞር። «ስትጨርስ በሩን ገርበብ አድርገው።»